ሞቱ አስቀድሞ የተሰላለት ከብት

ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በገንዳ ውኃ ከተማ ዳር፣ የከብት ገበያው ሊበተን ሲል፣ አንድ ገበሬ የሸጠውን በሬ ገመድ ከቀንዱ ላይ ፈትቶ ሲጠቀልል አየሁ። በሬው መልኩ ቡሬ ነው፤ ስሙም ቡሬ። ገበሬው ገመዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሊሄድ ሲዞር በሬው ተከተለው። ሁለት ሦስት እርምጃ እንደሄደ ነጂው ልጅ አፍንጫውን በዱላ መትቶ መለሰው። ገበሬው ዞር ብሎ አላየም። ከጥጃነቱ ጀምሮ እጁ ላይ ያደገን፣ ስንት ክረምት አብሮት ያረሰን ከብት ሸጦ ዞሮ ማየት ለሰው አይሆንለትም።

ጥቂት ቆይቶ ያው ቡሬ አይሱዙ ላይ ሲጫን ደረስኩ። መወጣጫ የለም። ሾፌሩ መኪናውን ወደ አንድ ቦይ ጠርዝ አስጠግቶ የኋላውን መዝጊያ ከፈተ። ከጠርዙ እስከ መኪናው ወለል የጉልበት ያህል ከፍታ አለ፤ መሃሉ ደግሞ ክፍት ነው። ሁለት ሰዎች ከላይ ሆነው በቀንዱ ላይ የታሰረውን ገመድ ይጎትታሉ፤ አንዱ ከኋላ ጭራውን ይጠመዝዛል፤ ሌላው ይደበድባል። በሬው የፊት እግሩን አነሳና ክፍተቱ ውስጥ ገባ፤ ወደቀ፤ ተነሳ፤ ደግሞ ገባ። በሦስተኛው ወጣ። ቅልጥሙ ላይ ቆዳው ተልጦ ነጩ ይታያል። ከብቶቹ የአንዱ ራስ በሌላው ጭራ በኩል እየሆነ እንደ ማገዶ ተደረደሩ። ረዳቱ ረጅም በትር ይዞ ከላይ እንጨቱ ላይ ተቀመጠ። የበትሩ ሥራ የወደቀ ከብት ካለ እየወጋ ማስነሳት ነው፤ ተኝቶ የቀረውን ሌሎቹ ይረግጡታል። በአንድ ጉዞ ስንት እንደሚወድቅባቸው ጠየቅሁት። እንደ መንገዱ ነው አለኝ፤ ነጋዴው ሲገዛም አስቦት ነው አለኝ።

አስቦት ነው። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። በመንገድ የሚሞተው ከብት ገና እግሩን ከመሬት ሳያነሳ በዋጋው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ገበሬው በዚያ ልክ ቀንሶ ሸጧል፤ ሩቅ አገር ያለው ገዢ በዚያ ልክ ጨምሮ ይገዛል፤ መሃል ላይ ያሉት ትርፋቸውን አግኝተዋል። ኪሳራው ተከፍሎ አልቋል። ከዚያ ወዲያ በሬው ቢቆምም ቢወድቅም በመንገዱ ላይ ልዩነቱ የሚሰማው ሰው የለም። ጭካኔ ስንል ብዙ ጊዜ የምናስበው ክፉ ልብ ያለውን ሰው ነው። እዚያ ቦይ ዳር የነበሩት ሰዎች ግን ክፉዎች አልነበሩም። ረዳቱ ቀጭን፣ ጫማው የተቀደደ፣ ሌሊቱን ሁሉ ያለ እንቅልፍ የሚጓዝ ልጅ ነው። ክፋቱ ያለው ከእሱ እጅ በላይ፣ ሒሳቡ ውስጥ ነው።

መንገዱን ላሳያችሁ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ መተማ ዮሐንስ 700 ሜትር ገደማ ላይ። ከደጋና ከወይና ደጋ የተነሳ በሬ በአይከል በኩል ቁልቁል ወርዶ፣ ገንዳ ውኃን አልፎ፣ የካቲትና መጋቢት ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚበልጥበት ቆላ ውስጥ ይገባል። መተማንና የሱዳኗን ጋላባት የሚለያቸው አንድ ድልድይ ነው። ከጋላባት በዶካ አድርጎ ገዳሪፍ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከገዳሪፍ ወደ ከሰላ፣ ከከሰላ ወደ ቀይ ባሕር ኮረብቶች፣ ከዚያ ወደ ሱዋኪን ወደብ፤ ከሱዋኪን በባሕር ወደ ጅዳ። እርግጥ ሁሉም ከብት እስከ ባሕሩ አይሄድም። ብዙው ገዳሪፍና ከዚያ ወዲያ ባሉ የሱዳን ከተሞች ይታረዳል። የሚሄደውም ሁሉ በመኪና አይሄድም፤ በእግሩ የሚነዳው ብዙ ነው።

በእግር መነዳት በራሱ ክፉ አይደለም። ከብት የሚሄድ ፍጥረት ነው፤ በቀስታ፣ እየጋጠ፣ እየጠጣ ከተነዳ ሳይከሳ ይደርሳል። የድሮ ነጂዎች ይህን ያውቁ ነበር፤ በሌሊትና በማለዳ ይነዳሉ፣ ቀኑን ጥላ ፍለጋ ይውላሉ፣ ጓንግ ወንዝ ላይ ያጠጣሉ፣ ያሳድራሉ። ችግሩ የቀስታው መንገድ መጥበቡ ነው። ገዳሪፍ ዙሪያ ያለው ሜዳ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ በትራክተር ይታረሳል፤ መጀመሪያ ለጦር ሠራዊት ቀለብ ተብሎ የተጀመረው የማሽላ እርሻ ዓመት ባለፈ ቁጥር እየሰፋ፣ ሰሊጥ እየተጨመረበት፣ የአርብቶ አደሩን የግጦሽ መሬትና ከብት የሚነዳበትን መስመር ቆርጦታል። ሐፊር የሚሉት የተቆፈረ የውኃ ኩሬም በእርሻ መሃል ቀርቷል። በእኛም በኩል መተማና ቋራ ላይ ሰፋፊ የሰሊጥ እርሻዎች ተዘርግተዋል። ነጂው በእርሻ ዳር ሲያልፍ ከብቱ እህል እንዳይነካ እየሮጠ ያሳልፋል። ያልጋጠና ያልጠጣ ከብት ደግሞ ሲሮጥ ይወድቃል።

ከዚህ ላይ ኮንትሮባንዱ አለ። ኢትዮጵያ ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ ከብት ያላት አገር ናት፤ ከዚህ በየዓመቱ በጫካ ድንበር የሚያልፈው ብዙ እንደሆነ መንግሥትም ነጋዴውም አይክዱም። የውጭ ምንዛሪ ልዩነቱ፣ የፈቃዱ ጣጣ፣ የባንኩ ደጅ ጥናት ነጋዴውን ወደ ጫካ ይገፋዋል። ስለዚህ ጉዳይ ሲጻፍ ሁልጊዜ የሚቆጠረው አገሪቱ ያጣችው ዶላር ነው። ከብቱ የሚያጣውን ግን አንቆጥርም። በሕጋዊ መንገድ የሚሄድ ከብት ቢያንስ በስም የእንስሳት ሐኪም ያየዋል፤ ኳራንቲን ይገባል፣ ውኃ ያገኛል። በጫካ የሚሄደው ኬላ ሽሽት በሌሊት፣ ከውኃ መንገድ ርቆ፣ እንዳይጮህ አፉ ታስሮ ሊሄድ ይችላል። የታመመው ከደህናው አይለይም። የአፍና የእግር በሽታ አብሮት ይሻገራል፤ ሰኮናው የቆሰለ በሬ ድንጋያማ መንገድ ላይ ሲሄድ ማየት ለሚያውቀው ከባድ ነው።

መኪና ላይ ያለውም ሥቃይ የዓይን ብቻ አይደለም። ከብት ሆዱ ውስጥ ያለው ሣርና ድርቆሽ ሲብላላ ራሱ ሙቀት ያመነጫል፤ ያን ሙቀት የሚያወጣው በትንፋሹና በላቡ ነው። ጎን ለጎን ተጠጋግቶ አየር በማይንቀሳቀስበት ሲቆም ሙቀቱ መውጫ ያጣል። መጀመሪያ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ቀጥሎ ምራቁ ይዝረከረካል፣ አፉን ከፍቶም ያለከልካል፤ ከዚያ ጉልበቱ ይከዳዋል። የተጨነቀ ከብት ጡንቻው ውስጥ ያለውን የኃይል ክምችት ጨርሶ ስለሚደርስ ሥጋው ሲታረድ ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ ቶሎ ይበላሻል። ይህን የምጽፈው ለነጋዴው ነው፤ ለበሬው ሥቃዩ በቂ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁና።

ይህ ሒሳብ በእኛ መንገድ ላይ ብቻ ያለ አይደለም። በቅርብ ጊዜ በዓለም ዙሪያ ሰውን ያስቆጣው የውሻ እርባታ ነገር ነው። በአሜሪካ ለገበያ ብቻ ውሻ የሚያራቡ ድርጅቶች አሉ። እናቲቱ ከሽቦ በተሠራ ወለል ላይ፣ ከአንዱ ወሊድ ወደ ሌላው ያለ ዕረፍት እየተሸጋገረች ትኖራለች፤ ልጆቿ ወተት ሳይጠግቡ ይወሰዱባታል። የአሜሪካ ሕግ ራሱ የሚጠይቀው የሽቦ ጎጆው ቁመት ከውሻው ራስ በላይ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትርፍ እንዲኖረው ነው፤ ወለሉም በዚያው ልክ ከአካሉ ትንሽ እንዲተርፍ ብቻ። ሕጋዊው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ቨርጂኒያ ግዛት ውስጥ ለቤተ ሙከራ ውሻ ከሚያራባ አንድ ጣቢያ ወደ 4,000 የሚጠጉ ውሾች በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወጡ። ተቆጣጣሪዎቹ ካገኙት ነገር ሁሉ እኔን የያዘኝ አንዱ ነው፤ በሰባት ወር ውስጥ ከ300 በላይ ቡችሎች ምክንያቱ ሳይታወቅ ሞተው፣ ድርጅቱ ለምን እንደሞቱ ለማወቅ አልተጨነቀም ነበር። ለምን ይጨነቃል? ሲያራባ አስቦት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ድርጅቱ ጥፋቱን አምኖ ከ35 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ሆነ። እንግዲህ ቨርጂኒያና ገንዳ ውኃ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። በእኛ በኩል የሽቦ ጎጆ ያለበት የውሻ ፋብሪካ ባይኖርም፣ አዲስ አበባ መንገድ ዳር በፀሐይ ቡችላ በካርቶን ይዘው የሚሸጡ ልጆችን የማያውቅ የለም፤ ዋናው ግን ያው ሒሳብ በአይሱዙ መሄዱ ነው።

ገዳሪፍና ከሰላ ለዚህ ሒሳብ አዲስ አይደሉም። የጀርመኑ የአራዊት ነጋዴ ካርል ሐገንቤክ ከሐምቡርግ ሆኖ የአውሮፓንና የአሜሪካን መካነ አራዊት የሞላው በከፊል ከዚህ አካባቢ በወጡ እንስሳት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ሎሬንዞ ካዛኖቫ የተባለ ጣሊያናዊ ከከሰላ ተነስቶ ዝሆን፣ ቀጭኔ፣ አንበሳ፣ ጅብ፣ ሰጎን ይሰበስብለት ጀመር። አራዊቱን የሚይዙለት በሰቲት ወንዝ ዳር፣ ማለትም እኛ ተከዜ የምንለው ከሁመራ በታች ስሙን ቀይሮ በሚፈስበት ምድር፣ የሚኖሩት የሐምራን አዳኞች ነበሩ። በፈረስ ሆነው ዝሆንን በጎራዴ ቋንጃውን የሚቆርጡ ብርቱ ሰዎች ናቸው፤ እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1862 አብሯቸው አድኖ ብዙ ጽፎላቸዋል። ነጋዴው የሚፈልገው ግን ግልገሉን ነው። ትልቅ ዝሆን ባሕር አይሻገርም። ግልገሉን ለመያዝ ደግሞ እናቲቱን መግደል ያስፈልጋል።

ከዚያ ከከሰላ እስከ ሱዋኪን ያለው የበረሃ ጉዞ ይጀመራል፤ በሌሊት እየተጓዙ ከወር በላይ። ካራቫኑ በመቶ የሚቆጠሩ ፍየሎችና በጎች ይነዳል። የሚታለቡት ፍየሎች እናታቸው የተገደለባቸውን ግልገሎች ያጠባሉ፤ ወተታቸው ሲነጥፍ ታርደው ለአንበሳና ለጅብ ቀለብ ይሆናሉ። የጉማሬ ግልገል በሣጥን ሆኖ በግመል ይጫናል፤ ገላውን የሚያረጥቡበት ውኃ የጫኑ ሌሎች ግመሎች ይከተሉታል። ሐገንቤክ ካዛኖቫን ስዌዝ ላይ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1870 ነው። ካዛኖቫ ታሞ ሊሞት ሲያጣጥር፣ አራዊቱም በሆቴል ግቢ ታስረውና ታጉረው እንዳገኛቸው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1908 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ጽፏል። ከሚያዙት አራዊት ብዙዎቹ ሐምቡርግን ሳያዩ ያልቁ ነበር። ነጋዴው ግን አልከሰረም። በሕይወት የደረሰው የሞተውን ይከፍላል፤ ዋጋው የተቆረጠው እንደዚያ ነውና።

ሐገንቤክ ይህን ሲጽፍ አይደብቅም፤ አንዳንዴም የሚያዝን ይመስላል። እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። ማዘንና ሒሳቡን መቀጠል አብረው መሄድ ይችላሉ። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. ከ1870ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከዚሁ ከምሥራቅ ሱዳን ሰዎችን ከግመሎቻቸው ጋር አምጥቶ በአውሮፓ ከተሞች ሕዝብ ከፍሎ እንዲያያቸው አሳይቷል። ቤከርም በጋላባት ገበያ ከከብቱና ከቡናው ጎን ከሐበሻ ምድር የተወሰዱ ልጃገረዶች ሲሸጡ ማየቱን መዝግቧል። ሰውና ከብት እኩል ናቸው ለማለት አይደለም። በዚያው በር በሕይወት ያለን ነገር እንደ ጆንያ መቁጠር የለመደ ገበያ ቁጥሩን የት ላይ እንደሚያቆም ራሱ አያውቅም ለማለት ነው። የአራዊቱን ንግድ ከዚህ አካባቢ ያቆመው የሱዳን ማሕዲስቶች ጦርነት ነበር እንጂ የማንም ርኅራኄ አልነበረም። ከዚያ በኋላ አራዊት ገዢዎቹ ወደ ሶማሌ ምድር ዞሩ። በዛሬው ዘመን የአቦሸማኔ ግልገል ከአፍሪካ ቀንድ በየመን በኩል ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚወጣውም በዚያው አቅጣጫ ነው።

ሱዋኪን ግን ወደቧን አልዘጋችም። ሰኔ 5 ቀን 2014 ዓ.ም. በድር 1 የምትባል መርከብ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ የሚሄዱ በጎች ጭና እዚያው ወደቡ ውስጥ ሰጠመች። መያዝ የሚገባት 9,000 ነበር፤ የጫነችው ከ15,000 በላይ። መስጠሙ በአንድ ጊዜ አልነበረም፤ ሰዓታት ፈጅቷል። መርከበኞቹ ሁሉ ተርፈዋል፤ እሰየው። ከበጎቹ በሕይወት የወጡት 700 ገደማ ብቻ ናቸው። ስለ አደጋው በተነገረው ዜና መጀመሪያ የተነሳው ጥያቄ የሞቱት እንስሳት የወደቡን ውኃ ይበክላሉ ወይ የሚለውና የጠፋው ገንዘብ ስንት ነው የሚለው ነበር። ሰዓታት ሙሉ፣ ከየብስ በዓይን በሚታይ ርቀት ላይ፣ በብረት በረት ውስጥ ውኃ ቀስ እያለ ሲሞላ በጎቹ ምን አደረጉ ብሎ የጠየቀ ሲነገር አልሰማሁም። በግ ሲፈራ ይጠጋጋል። ወደ አንድ ወገን ይሸሻል። የመርከቧም ማጋደል በዚያው ወገን ይብሳል።

ይህ የሱዳን ወይም የድህነት ነገር ነው የሚል ካለ ሮማንያን ይመልከት። ኅዳር 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ኩዊን ሂንድ የምትባል መርከብ ከ14,000 በላይ በጎች ይዛ ሚዲያ ከተባለው ወደብ እንደወጣች ተገለበጠች፤ ከበጎቹ የተረፉት ጥቂቶች ብቻ ናቸው። መርከቧን ለማንሳት የመጡት ሠራተኞች በፕላኑ ላይ የሌለ ድብቅ ወለል፣ ውስጡም የሞቱ በጎች አገኙበት። ሀብታሚቱም አውስትራሊያ ከዚህ አልዳነችም። እ.ኤ.አ. በ2003 ኮርሞ ኤክስፕረስ የተባለች መርከብ ከ57,000 የሚበልጡ በጎች ይዛ ጅዳ ስትደርስ የሳዑዲ ሐኪሞች የአፍ ቁስል አለባቸው ብለው አልቀበልም አሉ። መርከቧ በቀይ ባሕርና በባሕረ ሰላጤው ሙቀት ለሁለት ወር ያህል ወደብ ፍለጋ ተንከራተተች። ማንም አልፈለጋትም። በመጨረሻ የተቀበለቻት ኤርትራ ናት፤ ምጽዋ ላይ አራገፈች፤ አውስትራሊያም በጎቹን በነፃ ሰጥታ መኖና ገንዘብ ጨምራ ሸኘች። እስከዚያ ድረስ ከ5,000 በላይ በጎች ሞተው ባሕር ተጥለዋል። አውስትራሊያ ከዚያ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ ተከራክራ እ.ኤ.አ. በ2024 በባሕር ሕያው በግ መላክን ከግንቦት 2028 ጀምሮ የሚያቆም ሕግ አወጣች። ኒውዚላንድ ከ2023 ጀምሮ ከብት በባሕር መላክን ዘግታለች።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያቆመኝ ይገባል። ሱዳን ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በእሳት ውስጥ ናት። ጦርነቱን ሽሽት በመተማ በር በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሰው ተሻግሯል፤ ገዳሪፍ ከካርቱምና ከዋድ መደኒ በተፈናቀለ ሕዝብ ተጨናንቃለች። በእኛ በኩልም አማራ ክልል ሰላም የለውም፤ የመተማ መንገድ ተሽከርካሪ በሰላም የሚያልፍበት ቀን የሚናፈቅ ሆኗል። ሰው በዚህ ላይ እያለ ስለ በሬ ማውራት ምን የሚሉት ቅንጦት ነው?

ጥያቄው ሲነሳ እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። የማገኘው መልስ ሁልጊዜ ያንኑ ረዳት ልጅ ያመጣብኛል። ከብቱ ያለ ውኃ ሲሄድ ነጂውም ያለ ውኃ ይሄዳል። ከብቱ በሌሊት በጫካ ሲነዳ ሽፍታ የሚጠብቀው ነጂውን ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 ጃፓን አቅራቢያ በማዕበል የሰጠመችው ገልፍ ላይቭስቶክ 1 ወደ 6,000 ከብት ብቻ አልነበረም ይዛ የወረደችው፤ ከ43 መርከበኞች በሕይወት የተረፉት 2 ናቸው። መርከቧ ለኮንቴይነር ተሠርታ ኋላ ወደ ከብት መጫኛ የተቀየረች ነበረች። ለከብት የሚበጀው መርከብ፣ ለከብት የሚበጀው መንገድ፣ ለከብት የሚበጀው ሰዓት ለሰውም የሚበጅ ነው። አንዱ ከሌላው ላይ የሚወሰድ አይደለም። ጦርነቱም ቢሆን ንግዱን አላቆመውም፤ መንገዱን አረዘመው፣ ኬላውን አበዛው፣ ከብቱ በየኬላው መኪና ላይ እንደቆመ የሚውልበትን ሰዓት ጨመረው።

በዚህ ድንበር በሁለቱም ወገን ያለው ሕዝብ ለእንስሳ መራራትን ከሌላ አገር መማር አያስፈልገውም። በሰንበትና በታቦት ቀን ቀንበር አይነሳም፤ ዕረፍቱ ለገበሬው ብቻ አይደለም፣ ለበሬውም ነው፤ በዓሉ ባይኖር በሬው በዓመት ስንት ቀን ያርፍ እንደነበር አስቡት። ከወዲያ ማዶ ያለው ሙስሊም ወንድማችን ደግሞ በውኃ ጥም ምላሱን ላወጣ ውሻ ከጉድጓድ በጫማው ውኃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ኃጢአቱ እንደተማረለት ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ያደገ ነው፤ ቢላዋ በሚታረደው በግ ፊት እንዳይሳል የታዘዘ ነው። ቡሬን በስሙ ጠርቶ የሚያውቀው ገበሬ ይህ ሁሉ አለው። ርኅራኄው የሚጠፋው በሬው ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ነው። ከገበሬው ወደ ደላላው ሲሄድ ስሙን ያጣል፤ ከደላላው ወደ መተማው ነጋዴ ሲሄድ መልኩን ያጣል፤ ጋላባት ላይ ቁጥር ይሆናል፤ ሱዋኪን ላይ ኪሎ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ያለው ሰው መጀመሪያ ላይ ያለውን አያውቀውም። ስሙን የማያውቁትን ከብት ሞት አስቦ መግዛት ቀላል ነው።

ሕጉ ምን ይላል ብንል፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን በደንብ መተላለፍ ክፍሉ እንስሳን ማሠቃየትን ይከለክላል። የቁም እንስሳት ግብይትን ሥርዓት ለማስያዝ አዋጅ ቁጥር 819/2006 ወጥቷል። ኢትዮጵያም ሱዳንም አባል የሆኑበት የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ እንስሳ በየብስና በባሕር እንዴት መጓጓዝ እንዳለበት መመሪያ አውጥቷል። ወረቀቱ አለ። የጎደለው ወረቀቱ ሞትን ከዋጋው ውስጥ እንዲያስወጣ ማድረግ ነው። ይህ ደግሞ የሚቻል ነገር ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1873፣ ገና በባቡር ዘመን፣ ከብት ከ28 ሰዓት በላይ ሳይወርድ፣ ሳይጠጣና ሳያርፍ እንዳይጓጓዝ ሕግ አወጡ፤ ከተማው የሚበላው ሥጋ ታሞ ስለሚደርስ ጭምር ነው ያወጡት። ምክንያቱ ንጹሕ ባይሆንም ከብቱ ጠጣ።

እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የምለውጠው የአከፋፈሉን ነገር ነው። አጓጓዡ በጫነው ልክ ሳይሆን በእግሩ ቆሞ በወረደው ልክ ይከፈለው፤ ነጂውም ላደረሰው ጤነኛ ከብት ከዕለት አበሉ በላይ ይሰጠው። ያኔ የወደቀው በሬ የሚያሳስበው አንድ ሰው ይኖራል፤ በትሩን የያዘው ልጅ ከመውጋት ይልቅ ቦታ ማስፋት ይጀምራል። ሁለተኛው ውኃ ነው። በአይከልና በመተማ መካከል፣ በዶካና በገዳሪፍ መካከል ማጠጫና ጥላ ያለው ማረፊያ መሥራት ከአንድ ኬላ ሥራ የበለጠ ወጪ የለውም፤ ኬላ መሥራት እንደሚቻል ደግሞ አይተናል። ሕጋዊው መንገድ ውኃ ያለበት፣ የጫካው መንገድ የሌለበት ከሆነ ነጋዴው ራሱ ሒሳቡን አስልቶ ወደ ሕጋዊው ይመጣል። ሥጋን በቅዝቃዜ መላክ ከብትን በሕይወት ከመላክ እንደሚሻል ሁሉም ይናገራል፤ እውነትም ይሻላል። ግን ለሥጋ መብራት፣ ማቀዝቀዣና ያልተዘጋ መንገድ ያስፈልጋል፤ ለዒድና ለሐጅ ደግሞ ገዢው የሚፈልገው የሚታረድ በግ ነው። ስለዚህ ያን ቀን እየጠበቅን የዛሬውን በሬ አንርሳው እላለሁ። ዛሬም ይጫናል፤ ነገም ይጫናል።

ወደ መወጣጫው ልመለስ። በከብት ገበያ የሚሰበር እግር አብዛኛው የሚሰበረው ሲጫንና ሲወርድ ነው። መወጣጫ ማለት ብረትም ሲሚንቶም መሆን የለበትም፤ ቀስ እያለ ከፍ የሚል የአፈር ተዳፋት፣ ጎንና ጎኑ እንዳይወድቅ በእንጨት የታጠረ፣ ጫፉ ከመኪናው ወለል እኩል የሆነ። ከብት ተዳፋት ከሆነለት ያለ ዱላ ይወጣል፤ ከፊቱ ያለውን ተከትሎ፣ እንደ ልማዱ።

ቡሬ በተጫነበት ቀን፣ ከአይሱዙው አሥራ አምስት እርምጃ ያህል ርቆ፣ ለመንገድ ሥራ መጥቶ የቀረ የአፈር ቁልል ነበር። ዝናብ ጎኑን አስተካክሎታል፤ ሣርም በቅሎበታል። በሬው ሲጎተትና ሲወድቅ ሳለ ሁለት ፍየሎች ወደ ቁልሉ ወጥተው ጫፉ ላይ ቆመው ያመሰኩ ነበር። የቆሙበት ከፍታ ከመኪናው ወለል ጋር እኩል ነው።